አዲስ የገዙት መኪና ጉድለት ቢገኝበት ምን ያደርጋሉ?

በኡራኤል በኩል ሲያልፉ በመስታወት ቤት ውስጥ ተደርድረው የሚያብረቀርቁትን መኪኖች ቆም ብለው ሳያዩ አይቀሩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥተው ወደ አትላስም ቢሉ፣ ወደ ሃያ ሁለት ማዞሪያም ቢወጡ መኪና ሻጩ ብዙ ነው። መኪና ከቤት ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚገዛው ንብረት ሁሉ ትልቁ ነው። ለብዙዎች እንዲያውም ቤት ለመግዛት ያልበቃው ገንዘብ መኪና ይሆናል። የእቁብ ዕጣ ይወጣል፤ የባንክ ብድር ይጨመርበታል፤ ውጭ አገር ያለች እህት የላከችው ይታከልበታል፤ አንዳንዴም ለክፉ ቀን የተቀመጠ የጆሮና የአንገት ወርቅ ይሸጥለታል። እንዲህ ተለቃቅሞ የተገዛ መኪና ጠበል ተረጭቶለት፣ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎለት፣ በሳምንቱ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም የቤቱ ሰላም አብሮ ይናጋል።

ታዲያ ስለ መኪና በሴቶችና በቤተሰብ አምድ ላይ መጻፍ ምን ይባላል የሚሉ አይጠፉም። መልሱ ቀላል ነው። «የመኪና ነገር የወንድ ነው» ተብሎ ውሉን አባወራው ብቻውን ይፈርማል፤ ችግር ሲመጣ ግን የጋራዡ ወጪ የሚቀነሰው ከአስቤዛውና ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሕጉም ቢሆን ነገሩን የአንድ ሰው ጉዳይ አላደረገውም። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ከብር 500 በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ከዚያ በላይ ገንዘብ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አምስት መቶ ብር ዛሬ የአንድ ቀን ወጪ እንኳ አይሸፍንም፤ መኪናማ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ስለዚህ ሊብሬው በማንም ስም ይሁን፣ እርስዎም የውሉን ቃል ማንበብ ይገባዎታል።

አሁን ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው በመኪና ገበያችን ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመጣው ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ገለጹ። በዚህ ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ መኪና ሲገዛና ሲሸጥ የኖረው የከተማችን ሰው፣ ባንድ ጊዜ ዜሮ ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ሆነ።

ዱሮ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው በር የሚያንኳኳበትን ያውቅ ነበር። ቶዮታ ከሆነ ሞኤንኮ፣ ኒሳን ከሆነ ኒያላ ሞተርስ ነው። ወኪሉ መለዋወጫም፣ ጋራዥም፣ ከአምራቹ ጋር የተፈረመ ውልም ነበረው። ከኡራኤል ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው ጎዳና በስሙ የተጠራለት ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተርም በሐምሌ 2012 ዓ.ም. እዚሁ አገር የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ ለሕዝብ ሲያሳይ በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው የመጣው። ዛሬ በየመስታወቱ ውስጥ ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ ግን አስመጪው ራሱ ከቻይና ገበያ ገዝቶ ያስገባቸው ናቸው። የተሠሩት ለዚያ አገር ሰው ነው። ማሳያው በቻይንኛ ያወራል፤ የቻርጅ መሰኪያው በዚያ አገር ደረጃ የተሠራ ነው፤ የአምራቹም ዋስትና በአብዛኛው ከዚያ አገር ድንበር አይወጣም። ባትሪው ለ8 ዓመት ዋስትና አለው ሲባሉ ታዲያ «ማን ነው የሰጠው? እዚህ አዲስ አበባ የሚፈጽመውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የአምራቹ ቃልና የአስመጪው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በእጅዎ ያለው ወረቀት የየትኛው እንደሆነ ይለዩ።

ዋስትና ከሰጪው በላይ ዕድሜ እንደሌለውም እናስታውስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ሆላንድ ካር መኪኖቹን አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ስም ሲያወጣ ስንቱን ሰው አስደስቶ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ግን ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ሥራውን አቆመ። ድርጅቱ ሲዘጋ የዋስትና ደብተር ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል ይሆናሉ። እንግዲህ ርካሹን ዋጋ ከመመልከት አስቀድሞ ሻጩ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ የራሱ ጋራዥ እንዳለው፣ መለዋወጫውን በመጋዘን እንደሚያስቀምጥ ወይስ «እናስመጣለን» እንደሚል መጠየቅ ይጠቅማል።

ሻጩ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በመስታወት ቤቱ ውስጥ ተቀብሎ ሻይ የጋበዘዎት ሰው ሻጭ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ መኪናውን ለባለቤቱ የሚያሻሽጥ ደላላ ነው፤ አንዳንዱ በውክልና የሚፈርም ነው፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ደግሞ በሦስተኛ ሰው ስም ይገኛል። ጉድለት ሲገኝ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋዎታል። ስለዚህ በውሉ ላይ «ሻጭ» ተብሎ የተጻፈው ስም፣ በዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ስምና ገንዘቡን ካስገቡበት የባንክ ሒሳብ ስም ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩ። የተለያየ ከሆነ የሚያገናኛቸውን ውክልና ያሳዩኝ ይበሉ፤ ቅጂውንም ይያዙ። ውክልናው መሸጥን ብቻ ሳይሆን ስለ ሽያጩ የሚነሣውን ጉዳይ መቀበልንም እንደሚጨምር ያንብቡ።

ሁለተኛው ነገር የዋጋው ነው። መቼም በከተማችን የተለመደ ነውና በግልጽ እንነጋገርበት። «ለታክስ ይረዳል» ተብሎ በውሉና በደረሰኙ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ ይጻፋል። ገዢውም ወረቀት ነው ብሎ ይስማማል። ሦስት ሚሊዮን ብር ከፍለው አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚል ውል ፈረሙ እንበል። መኪናው ጉድለት ተገኝቶበት ገንዘቤ ይመለስልኝ ቢሉ ሻጩ የሚያቀርበው ማስረጃ ያንኑ ውል ነው። ቀሪውን መክፈልዎን ለማስረዳት ቢነሡ ደግሞ ታክስ በማሳነስ ሥራ ላይ አብረው መሳተፍዎን በራስዎ አንደበት ሊመሰክሩ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ለሰው እጅ አሳልፎ ከመስጠት፣ የሚገባውን ግብር ከፍሎ እውነተኛውን ዋጋ ማስጻፍ ይረክሳል።

የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ አንድ ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ነጋዴውን መጠየቅ ይችላል ይላል። ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፣ በደረሰው ጉዳት የመካስ መብትም በዚሁ አዋጅ ውስጥ ሰፍሯል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በግድግዳ ላይ ቢለጠፍም አዋጅ የሰጠውን መብት ወረቀት ይሽረዋል ብለው አይሥጉ። ልብ ይበሉ፤ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ በሌላው ወገን ያለውም ነጋዴ መሆን አለበት። ከጎረቤት የገዙ እንደሆነ፣ ወይም መኪናውን መልሰው ሊሸጡት የገዙ እንደሆነ የሚሄዱት ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

አሥራ አምስት ቀን ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰሌዳ ለማውጣት፣ ሊብሬ በስም ለማዞር፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለመግባት ሲባል ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍ የሞከረው ያውቀዋል። መኪናው በግቢ ቆሞ ሰሌዳ ሲጠብቅ የሕጉ ቀን ግን አይቆምም። ስለዚህ ምርመራው ገንዘቡ ሳይከፈል፣ ቢዘገይ በተረከቡበት ዕለት ይሁን።

ከሁሉ በፊት የሻንሲውን ቁጥር ይመልከቱ። ሻንሲው ላይ፣ በመስታወቱ ሥር፣ በዲክላራሲዮኑና በውሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ይህ ቁጥር 17 ፊደሎችና አኃዞች አሉት። የመጀመሪያው የላቲኑ «ኤል» ከሆነ ቻይና ውስጥ የተሠራ ነው። ከግራ አሥረኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞዴሉን ዘመን ይናገራል፤ «ኤን» የ2022፣ «ፒ» የ2023፣ «አር» የ2024፣ «ኤስ» የ2025 ሞዴል ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የዘንድሮ ሞዴል ነው ተብሎ የሁለት ዓመት መኪና ቢቀርብልዎ በዚህች አንዲት ፊደል ያውቁታል። ጎማውም ይናገራል። በጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ 1523 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2023 በ15ኛው ሳምንት ነው። አራቱ ጎማዎች ዘመናቸው ከተለያየ፣ ወይም ዜሮ ኪሎ ሜትር በተባለ መኪና ላይ የፍሬን ሸራው በልቶ ከተገኘ፣ «አዲስ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ያብራሩልኝ ማለት ይገባዎታል።

ቀለሙን በጠዋት ብርሃን ይመልከቱ እንጂ በመስታወት ቤቱ መብራት አይመልከቱ። በኮፈኑና በበሮቹ ብሎኖች ላይ የመፍቻ ጭረት ካለ አንድ ጊዜ ተፈትቷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ በኮምፒዩተር የሚመረምር መካኒክ ይዘው ይሂዱና የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ያስነብቡ፤ ንባቡን በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት። ከዜሮ አጠገብ እስከ ሙሉ አንድ ጊዜ ቻርጅ ያድርጉት። ዳገትም ያስወጡት፤ ከተማችን ለዚህ አትሰስትም። ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሆኖም ለደላላ በደስታ የሚከፍል ሰው ለመካኒክ ሲሆን እጁ ይያዛል።

ሕጉም ይህን ምርመራ ይፈልገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ከቁጥር 2287 እስከ 2300 በደነገገው ውስጥ፣ ሻጩ የሸጠው ነገር እንደ ውሉ እንዲሆንና ጉድለት እንዳይኖርበት ግዴታ ገብቷል ይላል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ያላሟላ እንደሆነ፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በታወቀ ሁኔታ የተነገረለትን ያላሟላ እንደሆነ ጉድለት አለበት ይባላል። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በዓይን የሚታየውን እያየ የተረከበ ሰው ኋላ ቅሬታው አይሰማለትም። የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ሁሉን አይቼ ያለ ቅሬታ ተረክቤአለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ያላዩትን አይፈርሙ፤ ጭረቱንም፣ የጎደለውን የቻርጅ ገመድም፣ የሌለውን ትርፍ ጎማም በእጅ ጽፈው ይፈርሙ።

ጉድለቱ ሲገኝ

እንበልና አንዲት የኡራኤል ነዋሪ የሆነች እናት በገዛች በዘጠነኛው ቀን ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ መኪናው በካዛንቺስ በኩል መንገድ ላይ ቆመባት። ማሳያው ቀይ ምልክት ያሳያል፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። የሰፈር ልጆች ገፍተው ጥግ አስያዙላት። በዚህ ጊዜ ሁሉም አዋቂ ነው። አንዱ «ባትሪውን ንቀዪው» ይላል፤ ሌላው «የማውቀው ጋራዥ አለ» ይላል። ይህች እናት ምን ማድረግ አለባት?

በመጀመሪያ መኪናውን ማንም እንዳይከፍተው ታድርግ። ከሻጩ ሰው በፊት አንድ ብሎን የተፈታ እንደሆነ ነገ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «እናንተ ነካክታችሁ አበላሻችሁት» ይባላል። በከፍተኛ ቮልት የሚሠራ ባትሪ ላይ እጅ ማስገባት ደግሞ ሕይወትን ያሳጣል። ቀይ ምልክቱን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፣ መኪናው የቆመበትን ቦታና ሰዓት ፎቶግራፍ ታንሣ። ማን አብሯት እንደነበረ ትጻፍ። ለሻጩ ስልክ ትደውል፤ ነገር ግን በስልኩ ብቻ አትርካ። «ነገ ሰው እንልካለን» የሚል የስልክ ቃል ለስንት ሳምንት እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ቀኑ እየሄደ መሆኑን አትርሳ።

ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ስድብም፣ ልመናም፣ የቤተሰብ ታሪክም አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፦

«ለመኪና ሻጩ ድርጅት፣ አዲስ አበባ። ጉዳዩ፦ በሸጣችሁልኝ መኪና ላይ የተገኘ ጉድለትን ስለ ማስታወቅ። በዚህ ቀን በተፈረመ ውል የሻንሲ ቁጥሩ ከላይ የተመለከተውን አዲስ መኪና ከድርጅታችሁ ገዝቼ ተረክቤአለሁ። መኪናው በተረከብሁት በዘጠነኛው ቀን፣ 640 ኪሎ ሜትር እንደተነዳ፣ በመንገድ ላይ ኀይሉ ተቋርጦ ቆሟል፤ ከዚያ ጀምሮ አይነሣም። ፎቶግራፉን አያይዣለሁ። መኪናውን ማንም አልነካውም። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በሦስት ቀን ውስጥ ባለሙያችሁን ልካችሁ እኔ ባለሁበት እንድትመረምሩትና መኪናው እንዲለወጥልኝ ወይም የከፈልሁት ዋጋ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በሕግ ያለኝ መብት እንደተጠበቀ ነው።»

በሁለት ቅጂ ተጽፎ በአንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማ፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት። አልቀበልም ያለ እንደሆነ በአደራ ፖስታ ይላክና የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ይቀመጥ። በስልክ መልእክትም ቢላክ አይጎዳም፤ የተላከው እንዳይጠፋ ግን ይጠበቅ። ውሉን የፈረመው ባልየው ከሆነ ደብዳቤውንም እርሱ ይፈርም፤ ወይም ለሚስቱ ውክልና ይስጥ። አባወራው ለመስክ ሥራ ክፍለ አገር ሄዶ ሳለ አሥራ አምስቱ ቀን የሚያልፍበት ቤት አለና።

ባለሙያው ሲመጣ የተገኘውን እንዲጽፍ ይጠየቅ። መኪናውም ወደ ሻጩ ጋራዥ ከገባ፣ የገባበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩና የገባበት ምክንያት ያለበት ወረቀት ሳይቀበሉ ቁልፍ አይስጡ። ሲወጣም እንዲሁ፤ ምን ተለወጠ፣ ምን ተጠገነ? ብዙ ሰው ሦስት ጊዜ ጋራዥ አመላልሶ ለሦስቱም ጊዜ አንዲት ወረቀት የለውም። በዳኛ ፊት ደግሞ ያልተጻፈ ምልልስ ክርክር ነው።

ይለወጥ፣ ይጠገን ወይስ ገንዘቡ ይመለስ?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። የስፖኪዮ ሞተር አልሠራ ቢል፣ ሬዲዮው ቢንኮሻኮሽ ገንዘቤን መልሱ ማለት ትክክል አይደለም፤ አስጠግኖ መቀጠል ነው። መሪው የሚስት፣ ፍሬኑ የሚከዳ፣ ባትሪው የሚሞቅ ከሆነ ግን ሕፃናት የሚጫኑበት ነገር ነውና «እስቲ እንሞክረው» በሚል ጥገና መታለል አይገባም። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅን የሚፈቅደው ገዢው ቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ውሉን ለማይገባበት መሠረታዊ ጉድለት ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ሚዛን በቁጥር ተወስኗል። አሜሪካኖች አዲስ ሆኖ የማይረባ መኪናን ሎሚ ይሉታል። እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ዕለት ለወደዷት ልጃገረድ የሚወረወር ነው፤ እነርሱ ግን በፊት መኮምተሩ ሳይሆን አይቀርም ለብልሹ መኪና ሰጡት። በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «የሎሚ ሕግ» አንድን ጉድለት አራት ጊዜ ሞክሮ ያላዳነ፣ ወይም መኪናውን በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ያስቀመጠ እንደሆነ አምራቹ እንዲለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ያስገድዳል። እንግሊዞች በ2015 ባወጡት የሸማቾች ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል። ቻይናም ራሷ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ፣ በ60 ቀን ወይም በ3,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሪው ወይም ፍሬኑ ሥራ ቢያቆም፣ ባትሪው በእሳት ቢያያዝ ገዢው መለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ያው መኪና በጅቡቲ በኩል ገብቶ ኡራኤል ሲደርስ ያ መብት አብሮት አይመጣም። ስለዚህ የእኛ ገዢ ከሕጉ በተጨማሪ በውሉ ውስጥ ማስጻፍ አለበት፤ ይኸውም አንድ ዓይነት ጉድለት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ፣ ወይም መኪናው በድምሩ ይህን ያህል ቀን ጋራዥ ቢቆም ሻጩ እንደሚለውጠው ወይም ገንዘቡን እንደሚመልስ ማስፈረም ነው። ሻጩ ሥራውን የሚያምን ከሆነ አይፈርምም ማለት ያስቸግረዋል። ካልፈረመም ሳይከፍሉ ማወቅዎ አንድ ነገር ነው።

ሻጩ ዝም ካለ ወይም ካመላለሰ አቤቱታ ወደ ንግድ መሥሪያ ቤቶች ይቀርባል። ቀድሞ ራሱን ችሎ ይሠራ የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ተግባሩ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። በከተማው ደግሞ ንግድ ቢሮ፣ ከዚያም በታች የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። አቤቱታ ይዘው ሲሄዱ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የደብዳቤውን ቅጂ፣ የጋራዡን ወረቀትና ፎቶግራፎቹን በአንድ አቃፊ ይያዙ፤ የሄዱበትንም ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ይመዝግቡ። የካዛንቺስ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሲነሣ ከስፍራቸው የተነሡ ድርጅቶች ብዙ ናቸውና፣ በውሉ ላይ ያለው የሻጩ አድራሻ ዛሬም የሚገኝበት መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ።

ሌላው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀን አይዘንጉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ስለ ጉድለት የሚቀርብ ክስ ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቁበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መመሥረት አለበት። ሻጩ «ዕቃው ከቻይና በመርከብ ላይ ነው»፣ «መካኒኩ ከውጭ ይመጣል» እያለ ዓመቱን ሊጨርስብዎ ይችላል። ውሉ ውስጥ ክርክር በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል ቃል ካለ ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ ፍርድ ቤት ላይሄድ ይችላልና ጠበቃ ያስነብቡት። ሻጩ ለጉድለት ኀላፊ አይደለሁም ብሎ ቢያስፈርምዎትም፣ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ያ ቃል አያድነውም።

ሽማግሌ መላክ የእኛ ልማድ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽምግልና አልቋል። ሆኖም ሽማግሌዎች ፊት የተገባው ቃል በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ቀን ይቆረጥለት፤ ሻጩም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። ሴት ስለሆነች «አንቺ ተዪው፣ ባልሽ ይምጣ» የሚል ሽማግሌ ቢያጋጥማት መኪናው የእርሷም ገንዘብ መሆኑን ከላይ የጠቀስነው ሕግ ይመልስላታል።

አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ጉድለቱን አጥቦና ሰንግሎ ለሌላ ሰው መሸጥ የሚመክሩ አሉ። «አንቺንም እንዲሁ ነው የሸጡሽ» ይላሉ። ይህን የሚያደርግ ገዢ በዚያች ቀን ራሱ ሻጭ ይሆናል፤ አሁን የሚጮህበት ሕግም በእርሱ ላይ ይሠራል። ፍሬኑ የሚከዳ መኪና ውስጥ የሚቀመጡት ደግሞ የሌላ ቤት ልጆች ናቸው።

የገንዘቡንም ጉዳይ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። በባንክ ብድር ከተገዛ መኪናው ቢቆምም የወሩ ክፍያ አይቆምም፤ ባንኩ ያበደረው ለእርስዎ ነውና በሻጩ ተናድደው ክፍያውን ቢያቋርጡ መያዣው ይሸጣል። ይልቅ ለባንኩ ስለ ጉድለቱ በደብዳቤ ያሳውቁ፤ የክፍያ ጊዜ ማስተካከያም ይጠይቁ። ኢንሹራንስ አለኝ ብለውም አይዘናጉ። የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ነው፤ ሙሉ የሚባለውም መድን ቢሆን በአደጋ የደረሰን ጉዳት እንጂ የመኪናውን የራሱን ብልሽት በአብዛኛው አይከፍልም። መኪናው በቆመባቸው ቀናት ለታክሲና ለራይድ ያወጡትን ደረሰኝ ግን ያጠራቅሙ፤ በካሳ ጥያቄው ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ሻጩ ተስማምቶ፣ ወይም ተፈርዶበት መኪናውን መልሶ የሚወስድ ከሆነ ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት ገንዘቡ በባንክ መግባቱን ያረጋግጡ። ቼክ ከሆነ እስኪመነዘር ይጠብቁ። የሽያጩ መፍረስ በጽሑፍ ይሁን፤ ሊብሬው ከስምዎ ወጥቶ ወደ ሻጩ እንዲዞር በአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ዘንድ አብረው ሄደው ይጨርሱ። መኪናው በእርስዎ ስም እንደተመዘገበ በሌላ ሰው እጅ አደጋ ቢያደርስ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። የኢንሹራንስ ድርጅቱንም ያስታውቁና ላልተጠቀሙበት ጊዜ የሚመለስ አርቦን ካለ ይጠይቁ። በርክክቡ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፈው ያስፈርሙ፤ የልጆቹን ደብተርና የመኪናውን ሁለተኛ ቁልፍም ከኪሱ ውስጥ ማየት አይርሱ።